ሲኒው ታጥቦ ይጠራል፤ ሳንባውስ?

  

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ። የዛሬው ግን ከራሴ ቤት የወጣ ነው። ልጁ የእህቴ ልጅ ነው፤ ገንዘቡ የኔ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ዝምታም የኔ ነው። እህቴ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ልጁም «ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው፣ አጎቴ» ብሎኛል። የሌላውን ጓዳ ስገልጥ ኖሬ የራሴን ብሸፍን ከፍትሕ የራቀ ይሆንብኛልና እነሆ።

እህቴ የምትኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የማትሞላ፣ የአዲስ አበባ - አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ የቀረበች፣ በሳምንቱ መጨረሻ የመዲናይቱ ሰው ወደ ሐይቆቿ የሚጎርፍባት ከተማ ናት። ሰው ሲጎርፍ ገንዘብም ይጎርፋል፤ ከገንዘቡ ጋር ሌላም ነገር ይመጣል። በየሐይቁ ዳር አድሮ የሚመለሰው እንግዳ ጥሏቸው ከሚሄዱት ነገሮች አንዷ ጣት የምታክል፣ ብልጭልጭ የምትል፣ የፍራፍሬ ሽታ ያላት ዕቃ ናት። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ትባላለች። ልጆቹ «ቬፕ» ይሏታል።

የእህቴ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው። በአንድ የሞባይል ጥገና ቤት ይሠራል። እጁ የተባረከ ነው፤ ሌላው «አልቆለታል፣ ጣሉት» ያለውን ስልክ ከፍቶ ነፍስ ይዘራበታል። ባለፈው ዓመት ደወለልኝና «አጎቴ፣ ለሥራ የምትሆነኝ ዕቃ ልገዛ ነበር፤ ትንሽ ብታግዘኝ» አለኝ። አምስት ሺህ ብር ላክሁለት። ምን ዕቃ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የሚሠራ ወጣት መርዳት ሰደቃ ነው ብዬ በልቤ ተደሰትሁ።

ከወራት በኋላ አንድ ጁሙዓ ቢሾፍቱ ውዬ ነበር። ከሰላት ወጥተን፣ ምሳ በልተን፣ «ና ሥራዬን ላሳይህ» ብሎ ወደ ክፍሉ ወሰደኝ። ጠረጴዛው ላይ የእህቴ የድሮ የቡና ሲኒዎች ተደርድረዋል። ቆጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዱ ሲኒ ውስጥ ፈሳሽ የሚሞላባት ያቺ ትንሽ መያዣ፣ እነሱ ካርትሪጅ የሚሏት፣ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፋ ትታያለች። አጠገባቸው አልኮል፣ ጥጥ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አለ።

ሥራውን በኩራት አስረዳኝ። እንግዶች ጥለዋቸው የሚሄዱትን ባዶ ካርትሪጆች የማረፊያዎቹ ጽዳት ሠራተኞች ያጠራቅሙለታል፤ በጥቂት ብር ይገዛቸዋል። አፍ የሚያርፍበትን ፕላስቲክ ያነሳል፣ ጎሚኒዋን ያወጣል፣ ያለቀውን ፈሳሽ ይደፋል፣ በሙቅ ውኃ ይዘፈዝፋል፣ በአልኮል ያጥባል፣ አንድ ቀን ያደርቃል። ከዚያ አዲስ አበባ ከአንድ ነጋዴ በጠርሙስ የሚያመጣውን ፈሳሽ በስሪንጅ ሞልቶ፣ ገጥሞ፣ ከአዲሱ ዋጋ በሲሶ ይሸጣል። «ተመልከት አጎቴ፣ እኔ ባላነሳው ሐይቅ ነበር የሚገባው» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? ሳቅሁ። «ጎበዝ፣ አንተ እኮ መሐንዲስ ነህ» አልኩት። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁ፣ ጋዜጠኛ ነኝ የምል ሰው፣ ዕቃው ሲታጠብ ዓይቼ ምን እንደሚጠጣበት ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ያቺ ቅዳሜ

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ዳግም እዚያው ነበርሁ። እህቴ የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ የመጨረሻዋ። ልጁ ከአንድ ካርትሪጅ የተረፈ ፈሳሽ በሲኒ ገልብጦ ሳለ ደንበኛ ጠራውና ወጣ። ፈሳሹ የእንጆሪ ከረሜላ ይሸታል። ሕፃን ልጅ የከረሜላ ሽታ ያለው ሲኒ ስታገኝ ምን ታደርጋለች? ጠጣችው።

ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ማስመለስ ጀመረች። ፊቷ ነጣ፣ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ባጃጅ አስቁመን ወደ ሐኪም ቤት በረርን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምንድን ነው የጠጣችው?»

ውድ አንባቢያን፣ እኔ አውቅ ነበር። ሲኒዎቹን ዓይቻለሁ። ልጁ እኔን አየ፤ እኔ እሱን አየሁ። ነገሩ በሕግ የተከለከለ መሆኑ፣ የጋዜጠኛነት ስሜ፣ የሰው ወሬ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ዝምታው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያቺን ግማሽ ደቂቃ የሰበራት ግን እኔ ሳልሆን ሃያ ዓመቱ ልጅ ነው። «የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ነው ዶክተር፤ ኒኮቲን አለበት። ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሐኪሙ ቀጥሎ «ስንት ኒኮቲን ነው ያለበት?» ብሎ ጠየቀ። ይህንን ልጁም አያውቅም። ጠርሙሱ ላይ አንድ ፊደል አልተጻፈም። ልጅቷ የጠጣችው ጥቂት ነበርና፣ ብዙውንም አስመልሳው ነበርና፣ አድራ በማግሥቱ በደህና ወጣች። አልሐምዱሊላህ። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2014 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን ይህንኑ ዓይነት ፈሳሽ ጠጥቶ ሕይወቱ ማለፉን ያነበብሁት በኋላ ነው። ያነበብሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማደስ ሱንና ነው፤ ግን ምንን?

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ዕቃ አድሶ መጠቀም ነውር አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ የምንታማ ሰዎች አይደለንም። ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ዘይት ይይዛል፣ ውኃ ይይዛል፣ ተቆርጦ የችግኝ ማፍያ ይሆናል። ቆራሌው የኛን ትራፊ ለቅሞ ልጆቹን ያስተምራል። በየጽሕፈት ቤቱ የፕሪንተር ቶነር ይሞላል እንጂ አይጣልም።

ዲናችንም የሚለው ይህንኑ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ውስጥ ኑሮ ስትናገር ጫማቸውን ራሳቸው እንደሚጠግኑ፣ ልብሳቸውንም እንደሚሰፉ ተርካልናለች። የዓለም ምርጥ የሆነ ሰው ጫማ ጠግኖ ከለበሰ፣ መጠገን ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። አባካኝነትን ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) በቁርአኑ አውግዞታል።

ይሁንና በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበች አንዲት ታሪክ አለች፤ የዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ እሷ ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞታ በተጣለች አንዲት በግ አጠገብ ሲያልፉ ቆዳዋን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ባለቤቶቹን ጠየቁ። እነሱም በክት መሆኗን ነገሯቸው። እሳቸውም የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ።

እስኪ ልብ በሉ። ቆዳው ተለፍቶ ይጠቅማል፤ ብክነት ይቀራል። ሥጋው ግን? ሥጋው መቶ ጊዜ ቢታጠብ፣ በአልኮል ቢጸዳ፣ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ በክት ነው። ችግሩ ላዩ ላይ ያለ እድፍ ሳይሆን ራሱ ነውና መታጠብ አይለውጠውም። የእህቴ ልጅ ሲኒዎቹን ደርድሮ ሲያጥብ የነበረው ቆዳውን አልነበረም፤ ሥጋውን ነበር። ባትሪውን ወስዶ ለሌላ መልካም ሥራ ቢያውለው ኖሮ ቆዳውን ለፋ እንለው ነበር። እሱ ግን ኒኮቲን የሚጠጣበትን ዕቃ ለሚቀጥለው ሰው ሳንባ አዘጋጀ።

ውኃ የማይደርስበት ቦታ

አሁን ደግሞ እንደ ጋዜጠኛ ልናገር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን መጠየቅ ጀመርሁ።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በዛሬው መልኩ የታወቀው ሆን ሊክ በተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስት እ.ኤ.አ በ2003 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባትሪ አለው፤ ባትሪው ቀጭን የተጠመጠመ ሽቦ ያግላል፤ በሽቦው ዙሪያ ፈሳሹን የሚመጥ ጥጥ አለ፤ የጋለው ሽቦ ፈሳሹን ወደ ተን ይለውጠዋል፤ ሰውየው ይስበዋል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን ነው። አንዳንዱ በአንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ እስከ 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይይዛል። አንድ አጫሽ ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ያህል ነው። በአንዲት ካርትሪጅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቋጠር ከዚህ አስሉት።

እነዚህ ካርትሪጆች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተሞልተው እንዲጣሉ የተሠሩ ናቸው። ተከፍተው ሲታጠቡ የሚጸዳው ላያቸው ነው። ጥጡ ግን በውስጡ አለ፤ አርሯል። በሽቦው ላይ የተቃጠለው ጣፋጭ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ተጋግሯል። ያረረ ጥጥ እንደገና ሲግል ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የተባሉ ሳንባ የሚቆጠቁጡ ኬሚካሎች ይወጡታል። ከሽቦውና ከብየዳው የሚወጡ እንደ ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችም በተኑ ውስጥ መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ከፍቶ የተገጠመ ጎሚኒ ፈሳሽ ያፈሳል፤ ኒኮቲን ደግሞ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። ልጁ ሲሠራ የሚሰማው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የፀሐይ ይመስለው ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የፈሳሹ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ በ2019 በአሜሪካ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በድንገት መተንፈስ አቅቷቸው ሐኪም ቤት መጉረፍ ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ ብቻ 2,807 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ 68ቱ ሞተዋል። መርማሪዎቹ ሲያጣሩ በብዙዎቹ ዘንድ የተገኘው መንገድ ላይ የተገዛ፣ ሐሺሽ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነበር፤ ሻጮቹ ፈሳሹን ለማወፈር ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ቅባት ጨምረውበት ነበር። ቅባቱ ቢዋጥ ብዙም አይጎዳም ነበር። ሳንባ ግን ሆድ አይደለም። ስም በሌለው ጠርሙስ የመጣ ፈሳሽ ውስጥ ማን ምን እንደጨመረ የኔ የእህት ልጅ በምን ያውቃል?

የቢሾፍቱን ሐይቆች የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳኛል። ሆራና ባቦጋያ በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የላቸውም። የገባባቸው ነገር እዚያው ይቀራል። የልጅ ሳንባም እንዲሁ ነው። ሲኒውን ገልብጠን እናጥበዋለን፤ ሳንባን ገልብጦ የሚያጥብ ግን የለም።

ልጁ ያቀረባቸው ሦስት ክርክሮች

ልጄን ሰድቤ አልተውሁትም፤ ተከራከርን። ክርክሮቹ የሱ ብቻ ስላልሆኑ እዚህ ላስፍራቸው።

አንደኛ፦ «አጎቴ፣ ይህ እኮ ጭስ የለውም፤ ከሲጋራ ይሻላል» አለኝ። እውነት ለመናገር በእንግሊዝ አገር ያሉ የጤና ባለሥልጣናት ለዓመታት ሲጋራ ያጨሰ ትልቅ ሰው ሲጋራውን ለመተው ወደዚህ ቢዛወር ጉዳቱ ይቀንስለታል ይላሉ። ግን ይህ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው የተሰጠ ምክር ነው። አንተ መቼ ሲጋራ አጭሰህ ታውቃለህ? ደንበኞችህስ? ያልተቃጠለ ቤት ውስጥ ትንሽ እሳት ማስገባት ከትልቅ እሳት ይሻላል አይባልም። እዚያው እንግሊዝም ቢሆን አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ዓይነቶች ከሰኔ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ከገበያ አግዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ) እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህንን ይጠቀማሉ፤ ከእነሱም ቢያንስ 15 ሚሊዮኑ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ከየትኛው ሲጋራ እየሸሹ ነው?

ሁለተኛ፦ «በቁርአንም በሐዲስም ስሙ አልተጠቀሰም» አለኝ። ትምባሆም ስሙ አልተጠቀሰም። ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው ከአንድ ሺህኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ጀምሮ ነውና ዑለማዎቹ ያኔ ተለያይተውበታል፤ የፈቀደ ነበር፣ የጠላው ነበር፣ ሐራም ያለው ነበር። የተለያዩት ጉዳቱ ገና ስላልተገለጠ ነው። ጉዳቱ ሲገለጥ ግን የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ወደ ክልከላው ሄደዋል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2015፣ የኢንዶኔዢያው ሙሐመዲያ ድርጅት ደግሞ በጥር 2020 ሐራም መሆኑን አስታውቀዋል። ስሙ ባይጠቀስም መርሑ ተጠቅሷል። አላህ (ሱ.ወ) በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም እንደሌለ አስተምረዋል። ጥሬ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሰጋጁን እንዳያስቸግር ከመስጂድ ይራቅ ያሉ ነቢይ፣ ለሰጋጁ አፍንጫ ይህን ያህል የተጠነቀቁ ነቢይ፣ ስለ ሳንባው ዝም የሚሉ ይመስልሃል?

ሦስተኛ፦ «እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል» አለኝ። ይህ የሚያሳፍር ክርክር ነው፤ የሁላችንም ስለሆነ ነው የሚያሳፍረው። ጫቱን የሚሸጠውም፣ የሺሻ ቤቱን የሚያከራየውም ሙስሊም ወንድማችን ይህንኑ ይላል። በትንሣኤ ቀን ግን ማንም ስለ ጎረቤቱ ሱቅ አይጠየቅም። በቲርሚዚ እንደተዘገበው ሰው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ከሚጠየቅባቸው ነገሮች ውስጥ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣውና በምን ላይ እንዳዋለው፣ አካሉንም በምን እንዳስረጀው ይገኙበታል። እዚህ ላይ ልጁ ብቻ ሳይሆን እኔም ተጠያቂ ነኝ፤ አምስት ሺህ ብሩን በምን ላይ እንዳዋልሁ።

የአገራችን ሕግም ግልጽ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም፣ ሺሻንም፣ ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆም ለገበያ ማቅረብን ይከለክላል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ማንኛውንም ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው። ሕጉ አለ፤ ዕቃውም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ የቆምነው እኛ ነን፦ አይቶ የሚያልፍ አባት፣ ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚልክ አጎት።

ስለ ሲኒው የጠየቅሁ ቀን

ልጅቷ ከተሻላት በኋላ እህቴ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። «ወንድሜ፣ እነዚህ ሲኒዎች ታጥበው ቡና ይጠጣባቸዋል ወይስ ልስበራቸው?» አለችኝ። የእናታችን ሲኒዎች ናቸው። እኔም ጥያቄዋን ይዤ ከዐስር ሰላት በኋላ በሰፈራቸው መስጂድ ወደሚያስቀሩ አንድ አዛውንት ሸኽ ሄድሁ። ነገሩን ከነምክንያቱ አጫወትኋቸው።

አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ሸክላው ምን አጠፋ? ሽታውና ምልክቱ እስኪጠፋ ታጥቦ ይጠጣበት። ልቧ ከጠረጠረ ደግሞ የሚያጠራጥርን ትቶ ወደማያጠራጥረው መሄድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ነውና ለሌላ ታውለው» አሉኝ። አመስግኜ ልነሳ ስል ልብሴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ስለ ሲኒው ጠየቅኸኝ። ስለ ሰዎቹ መቼ ነው የምትጠይቀኝ?»

«የቶቹ ሰዎች፣ ሸኽ?»

«የገዙት ናቸዋ። ተውበት እኮ ጠረጴዛ መጥረግ አይደለም። ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ፣ ይህ በእርሱና በጌታው መካከል ነው። የሰው ሐቅ ያለበት እንደሆነ ግን አራተኛው አለ። ሐቁ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ልጁ የሸጠላቸው ሰዎች ዛሬም እየሳቡት ነው። ማን ነው የሚነግራቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ሸኹ ስለ ጠርሙሱም፣ ስለ አዋጁም፣ ስለ አሜሪካም አልሰሙም። ከኔ ጥናት ሁሉ የሳቸው ጥያቄ በለጠ።

ማታ ለልጁ ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ደንበኞቹን በስም መቁጠር ጀመረ፤ የሚያስታውሳቸው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በማግሥቱ አብረን ወጣን። እሁድ ነበር። እኔ ከኋላው፣ እሱ ከፊት። በየበሩ የሚናገረው አንድ ነው፦ «የሸጥሁልህ ዕቃ አሮጌ ነው፤ ታጥቦ ነው የተሞላው። ፈሳሹ ምን እንዳለበት አላውቅም። እህቴ ጠጥታ ልትሞትብኝ ነበር። ብርህን እመልስልሃለሁ።»

ያን ቀን ያገኘነው ሰባቱን ነው። አንዱ ሳቀብን። አንዱ ተቆጣ፤ የአጎቱን ልጅ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ቆመን ጠበቅን። ሁለቱ ብራቸውን ተቀብለው ዕቃውን መለሱ። አንዱ ብሩን አልፈልግም አለና ዕቃውን ብቻ ሰጠን። አንዱ «ሌላ አለህ?» ብሎ ጠየቀ። ሰባተኛው የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ የወጣ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር። እናቱ ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም። ልጇን አየችው፤ ከዚያ የኔን የእህት ልጅ አየችው፤ በመጨረሻም እኔን አየችኝ። የጨዋ ሴት ዓይን ከስድብ ይልቅ ይከብዳል።

የቀሩትን አሥራ ሁለት እየፈለገ ነው። ራሱም ሲጠቀም ኖሯል ለካ። ካቆመ ወዲህ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ እጁ ኪሱን ይፈትሻል። ኒኮቲን የያዘውን በቀላሉ አይለቅምና ሐኪም እንዲያማክር አድርገነዋል። ትናንት ሲደውልልኝ «አጎቴ፣ ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኔ ነው» አለኝ። «መሐንዲስ» አላልሁትም። «አላህ ያጽናህ» አልሁት።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ስጡት፤ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቁት። በሥራው ሲኮራ አብራችሁ ኩሩ፤ ግን ምን እንደሚሠራ እዩ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ካለ ዛሬውኑ ሕፃን ከማይደርስበት አርቁት፤ ልጅ ከጠጣም ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅም እንደኔ ግማሽ ደቂቃ አትዘግዩ። የመስጂድ ኢማሞቻችን ሆይ፣ በኹጥባችሁ ስለ ትምባሆ ስትናገሩ ይህቺን የከረሜላ ሽታ ያላትን ታናሽ እህቱንም በስሟ ጥሯት፤ ወጣቱ አልተጠራችም ብሎ ሐላል መስላዋለችና።

ንጽሕና የእምነት ግማሽ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ዉዱእ ስናደርግ እጃችንን፣ አፋችንን፣ አፍንጫችንን በቀን አምስት ጊዜ እናጥባለን። በታጠበ አፍ ምን እንደምናስገባ ግን ራሳችን እንመልስ።

እህቴ ሲኒዎቹን አልሰበረቻቸውም። አጥባ፣ ጠቅልላ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ልጁ አሥራ ዘጠኙንም አግኝቶ የጨረሰ ቀን ቡና አፈላባቸዋለሁ ብላለች። አላህ (ሱ.ወ) ያንን ቡና አብረን የምንጠጣ ያድርገን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ዝምታችንንም ይቅር ይበለን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።